በጣፊያ ናሙና ውስጥ ነዋሪ ተከላካይ ሕዋሳትን ከደም ከመጡት መለየት፦ የደቡብ ቆላ ካላዛር እንደ ማሳያ

መነሻ

ካላዛር በኢትዮጵያ ከመተማና ከሑመራ ቆላ ሌላ በደቡብም ይገኛል። የሰገንና የወይጦ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም ነጌሌ ቦረና የምትገኝበት የገናሌ ዳዋ ተፋሰስ በሽታው ከሚታወቅባቸው አካባቢዎች ይቆጠራሉ። በደቡብ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በአብዛኛው በኩይሳ ውስጥ ትጠለላለች። ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ሰው አካል ከገባ በኋላ በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ባሉ ማክሮፋጆች ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ከጣፊያ በመርፌ የሚቀዳ ናሙና ለምርመራም ሆነ ለጥናት ዋና ምንጭ ነው።

ችግሩ

መርፌው የጣፊያን ሕዋሳት ብቻ አይቀዳም፤ ደምም አብሮ ይወጣል። በናሙናው የታየ ማክሮፋጅ የጣፊያ ነባር ነዋሪ፣ በቅርቡ ከደም ገብቶ የተለወጠ ሞኖሳይት ወይም የሁለቱ ቅልቅል ሊሆን ይችላል። ተሕዋሱ በየትኛው ሕዋስ ተሸሽጎ እንደሚቆይ ሳይለይ ከሕክምና በኋላ ስለሚያገረሽ በሽታ የሚሰጥ ማብራሪያ መሠረቱ ደካማ ነው።

በጥናት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ሕዋሱ ናሙናው ሲወሰድ የት ነበር? በቦታው ይቆያል ወይስ ያልፋል? መነሻው ከየት ነው? እያንዳንዱ ዘዴ በዋናነት የሚመልሰው አንዱን ብቻ ነው።

ቦታን የሚያሳዩ ዘዴዎች

በቤተ ሙከራ እንስሳት የደም ሥሮችን በጨው ውሃ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም በጠባብ ሥሮች የተጣበቁ ሕዋሳት ይቀራሉ። የተሻለው ዘዴ ናሙናው ከመወሰዱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ቀለም የተያያዘበት ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር መስጠት ነው። በደም ውስጥ ያለው ሕዋስ ቀለሙን ይይዛል፤ በኅብረ ሕዋሱ ውስጥ የተከለለው አይይዝም። ልዩነቱ በፍሎው ሳይቶሜትሪ ይነበባል።

ጣፊያ ላይ ግን ይህ ንባብ ያሳስታል። በጣፊያ ቀይ ክፍል ደም ከሥር ወጥቶ በሕዋሳት መካከል ስለሚፈስ፣ ነዋሪዎቹ ማክሮፋጆችም ቀለሙን ይይዛሉ። እዚህ ቀለም መያዝ ከደም ጋር መገናኘትን እንጂ ከደም መምጣትን አያረጋግጥም።

ቆይታንና መነሻን የሚያሳዩ ዘዴዎች

ለቲ ሕዋሳት ሲዲ69 እና ሲዲ103 የተባሉት ምልክቶች የነዋሪነት ጠቋሚ ሆነው ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ሲዲ69 አዲስ በነቃ ሕዋስ ላይም ስለሚታይ፣ በታመመ ጣፊያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማክሮፋጆችም እንዲሁ ናቸው፤ በብግነት ጊዜ ከደም የገባ ሞኖሳይት ውሎ አድሮ የነባሩን መልክ ይይዛል።

የሁለት አይጦችን የደም ዝውውር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ቆይታን ያሳያል፦ ዘላኑ ሕዋስ በሁለቱም አካል ይደባለቃል፣ ነዋሪው በቦታው ይቀራል። ሕዋሳትን ከፅንስ ዘመን ጀምሮ በዘረመል ምልክት መከታተል ደግሞ መነሻን ይነግራል። ሁለቱም በሰው ላይ አይደረጉም። በሰው የሚቀርበው ማስረጃ የአካል ወይም የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሕመምተኞችን የለጋሽና የተቀባይ ሕዋሳት በዘረመል በመለየት የሚገኘው ነው።

ለመስክ ጥናት የሚበጀው

የጣፊያ ቀዳ የደም መፍሰስ አደጋ ስላለው፣ የፕሌትሌት ቁጥር በማይክሮሊትር ከ40,000 በታች ሲሆን አይመከርም። ስለሆነም ለጥናት ተብሎ ሌላ ቀዳ ከማድረግ ለምርመራ ከተወሰደው የተረፈውን መጠቀም ይገባል። ከዚያው ሕመምተኛ በዚያው ሰዓት የደም ናሙና ተወስዶ ሁለቱ በአንድ ዓይነት የምልክት ስብስብ መነበብ አለባቸው። በሁለቱም እኩል የሚታየው የሕዋስ ወገን በደም ቅልቅል የገባ ሊሆን ስለሚችል ለነዋሪነት ማስረጃ አይቆጠርም፤ በጣፊያው ብቻ ጎልቶ የሚታየው ለቀጣይ ጥናት ይመረጣል። ውጤቱ ሲጻፍም «በጣፊያ ናሙና የተገኘ» እና «የጣፊያ ነዋሪ» የሚሉት አገላለጾች አንዱ በሌላው ፋንታ ሊገቡ አይገባም። የመጀመሪያው የታየውን ይመዘግባል፤ ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ ማስረጃ ይጠይቃል።