በእርሻ ያረጀች ላንድሮቨርን በግቢ ውስጥ ማደስ

አሮጌ የእርሻ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመፈታታት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ በሮቹ ይወርዳሉ፤ በሁለተኛው ፓራፋንጎውና ኮፈኖው፤ በአራተኛው ሞተሩ ወጥቶ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ክረምት ይገባል፣ ገንዘብ ያጥራል፣ ዳዶና ቡሎን የተጠራቀመበት ጣሳ ውሃ ቋጥሮ ይዝጋል። በአርሲም በሸዋም ሣር በቅሎባቸው ካየኋቸው ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ ለዚያ የበቁት እድሳት ተጀምሮባቸው ነው።

ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው አካሄድ አንድ ነው፦ መኪናዋ ከጎማዋ ላይ ሳትወርድ በክፍል በክፍል ትታደስ። አንዱ ክፍል ተፈትቶ፣ ታድሶ፣ ተገጥሞና ተሞክሮ ሳያልቅ ሌላው አይነካ። ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ቆሞ የሚቀረው መኪና እንጂ ክምር ብረት አይሆንም።

የምናገረው ስለማውቃት መኪና ነው። ሲሪስ 3 ናት፤ ረጅሟ፣ ባለ 109 ኢንች፣ ቤንዚን ሞተሯ 2,286 ሲሲ። ይህ ዓይነት የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ነው። ለዓመታት ስንዴና ማዳበሪያ ስትጭን ኖራ፣ እኔ ስደርስባት ስድስት ክረምት ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። የእናንተ ናፍጣ ብትሆን የሻንሲውና የፍሬኑ ነገር አይለወጥም።

አስቀድሞ ሊብሬው

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ፈልጋችሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የሚመታው በፊተኛው የባሌስትራ ማንጠልጠያ አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል፤ ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍነው በናፍጣ አጥባችሁ አንብቡት። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው ሌላ ሞተር ተገጥሞላቸው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ካልተስማማ ለቦሎ ምርመራ ወይም ስም ለማዛወር በምትሄዱበት ቀን ሁሉም ድካም እዚያ ይቆማል። ይህ ሳይጠራ መፍቻ አታንሡ።

ሻንሲውን በመዶሻ ማዳመጥ

ላንድሮቨር ከጅምሩ የገበሬ መኪና ናት። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ ደሴት ላይ በነበረው እርሻ ከጦርነት በተረፈ ጂፕ ይሠራ ነበር፤ እሱን የምትተካው መኪና በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ትርኢት ቀረበች። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሏ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አካሉ አይዝግም፣ ሻንሲው ግን ብረት ስለሆነ ከውስጥ ይበላል፤ ላይዋ አምሮ ታችዋ ወንፊት የሆነች ላንድሮቨር ማግኘት ቀላል ነው።

ሥሯን በውሃ እጠቡና አድርቁ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየመታችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በተለይ የኋላውን ተሻጋሪ ብረት፣ የኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያዎችን፣ ከኋላ አክሰል በላይ ያለውን ቅስትና ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥተው አካሉን የሚሸከሙትን ክንዶች መርምሩ። ቀጥሎ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለውን ግድግዳ እዩ፤ እሱም ብረት ነው፣ እግር የሚያርፍበት ቦታና በር የሚታሰርበት ቋሚ ቀድመው ይበሰብሳሉ። የተበላውን ሁሉ በኖራ ክበቡት። ክቡ እጅ የሚያህል ሆኖ አራት አምስት ቦታ ከሆነ ሥራው ይቻላል። ሁለቱም የጎን ብረቶች በርዝመታቸው ከተበሉ ግን ሌላ ሻንሲ መፈለግ ይረክሳል።

ሞተሩን መቀስቀስ

ለዓመታት የቆመን ሞተር በሞተሪኖ ለማስነሣት አትቸኩሉ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየቀዳዳው ሁለት የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በማግስቱ ከፊት መከላከያው ቀዳዳ ማኖቬላ አስገብታችሁ በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። እምቢ ካለ ዘይትና ናፍጣ እኩል ቀላቅላችሁ ጨምሩና ለሳምንት ተዉት፤ በየቀኑ ጥቂት ሞክሩ። ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት የተጣበቀውን ፋሻ ይሰብራል።

ሞተሩ ሲዞር አሮጌውን ዘይት አፍስሳችሁ በአዲስ ተኩ፤ ፊልትሮውን ጨምሮ ሰባት ሊትር ያህል ይወስዳል። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ አሽከርክሩት፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ። እዚህ ላይ ደጋ ላይ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ነገር አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ መለኪያው ከመጽሐፉ ዝቅ ብሎ ቢነበብ ሞተሩ ደከመ ብላችሁ አትደንግጡ። አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። ከተቀራረቡ ቴስታታውን አትክፈቱ።

ቫልቮላውን ማስተካከል ግን ግዴታ ነው። ክፍተቱ ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ስምንት ቫልቮላዎች አሉ፤ ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሯቸው። ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛውን፣ ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛውን አስተካክሉ፤ የተከፈተውና የምታስተካክሉት ቁጥር ሁልጊዜ ተደምሮ ዘጠኝ ይሆናል። ይህችን ሒሳብ ካወቅሁ ወዲህ ቀድሞ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ሥራ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ያልቃል።

የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40፣ የካንዴላው ከ0.75 እስከ 0.80 ሚሊ ሜትር፣ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2። ታንከሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አፍስሱ፤ ሸቷል። ካርቡራተሩን ፈትታችሁ ስትጠርጉ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሽቦ አታስገቡ፣ በአየር ንፉ።

ለውሃው ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን አትናቁ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩን ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ዳገት ላይ ያፈላችኋል።

ፍሬን፣ ከሁሉም በላይ

ሞተሩ ተነሣ ማለት መኪናዋ ትሄዳለች ማለት አይደለም። ልጆች ደስ ብሏቸው «እስቲ አንድ ዙር» ይላሉ፤ እሺ አትበሏቸው።

በመጀመሪያ ስለ ክሪክ ልንገራችሁ። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማዎቹን አይዝም፤ ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሡ፣ አየር ላይ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ጥርቅም ብሎ ተይዞ መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል፤ እጄን ያወጣሁት ከጥቂት ሰኮንዶች በፊት ነበር። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ፣ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ የብረት መቆሚያ አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ ከተሸከመ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ።

ታምቡሮቹን ስታወጡ የሚወርደውን አቧራ በአየር አትንፉ። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ያበላሻል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። ባለ 109 ኢንቿ ከፊት በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሁለት የፍሬን ሲሊንደር አላት። ሁሉንም ፈትታችሁ ውስጣቸውን በጣት ዳስሱ፦ ልስልስ ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ከተቦረቦረ ሲሊንደሩ ይቀየር። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም፤ ያብጣል። በፍሬን ዘይት ብቻ አርጥቡት። የዛገ የብረት ቱቦ ካያችሁ እንዲሁ ቀይሩ፣ በብየዳ የተጠገነ የፍሬን ቱቦ አትቀበሉ።

አየር ስታወጡ ከፍሬን ማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ጀምራችሁ ወደ ቅርቡ ኑ። ዘይቱ ከታሸገ ጣሳ ይሁን፤ ተከፍቶ የከረመ እርጥበት ጠጥቷል።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ዞሮ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስለኩ። አንድ ጊዜ በቃል ብቻ ነግሬ የገዛሁት ጎሚኒ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ሁለት ቀን አባከነብኝ። ለነዚህ መኪኖች እንግሊዝ ውስጥ እስከ ዛሬ አዲስ ዕቃ ይሸጣል። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ጎሚኒ፣ ፓራኦሊና ፑንቲና ቀላል ስለሆኑ በሻንጣ ጥግ ይገባሉ። ልካቸውን ጽፋችሁ ስጧቸው።

ብየዳው

በያጁን ወደ ግቢ ጥሩት። እሱ ከመምጣቱ በፊት ባትሪውን አውጡ፣ የዲናሞውን ሽቦዎች ፍቱ፣ የነዳጅ ታንከሩን ከነቱቦው አውርዳችሁ ወደ ግቢው ጥግ አርቁ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የቀረው የቤንዚን ትነት እንደ ቦንብ ይፈነዳል። ታንከሩ ራሱ ቢያፈስም በተራ በያጅ አታስነኩት።

በዝገት ላይ ላሜራ መደረብ አይፈቀድ። የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይቆረጥ፣ ለሻንሲው 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተለክቶ ይገባ። መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ እኩል ተደግፋ፣ አንዱ ጎን ተበይዶ ሲያልቅ ብቻ ሌላው ይቆረጥ፤ ሁለቱም ባንዴ ከተቆረጡ ሻንሲው ይጣመማል። ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹን በያጁ እንዳይደፍናቸው ቁሙበት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከውጭ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከውስጥ ዘይትና ግራሶ አሙቃችሁ ቀላቅሉና በቀዳዳዎቹ ርጩ።

ዘይቶችና ማርሾች

ከካምቢዮው፣ ከሁለተኛው ካምቢዮ፣ ከሁለቱ ዲፈረንሻሎችና ከፊት ጎማ መታጠፊያ ኳሶች አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። ወተት የመሰለ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ፓራኦሊው ይቀየር። አዲሱ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው፦ ለካምቢዮው አንድ ሊትር ተኩል፣ ለሁለተኛው ሁለት ሊትር ተኩል፣ ለፊቱ ዲፈረንሻል ሊትር ከሦስት ሩብ ገደማ፣ ለኋላው እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ፣ ለእያንዳንዱ ኳስ ግማሽ ሊትር።

ቢጫውን ጉብ ወደ ታች ስትጫኑ የፊት ጎማዎች ይያያዛሉ፤ ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ ስትስቡ ከባዱ ማርሽ ይገባል። ይህን የታረሰ መሬት ላይ ሞክሩ። የፊቱና የኋላው ፍጥነት የሚካፈሉበት ዲፈረንሻል በመካከል ስለሌለ፣ አስፋልት ላይ አራቱንም አያይዞ መንዳት ዘንጎቹን ያስጨንቃል።

ሽቦና ቀለም

መብራት ቢደበዝዝ ወይም ፍሬቻ ቢሰንፍ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ። ሲሪስ 3 ላይ ማሳው ኔጋቲቭ ነው፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ስለሚሻግት ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። ፍቁት፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከባትሪው ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ አዲስ ይሁን።

ቀለሙ መጨረሻ ነው፣ ብዙም አያስጨንቅ። አሉሚኒየሙን በብረት ብሩሽ አትፈግፍጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ለአሉሚኒየም የሚሆን መነሻ ቀለም ካልተቀባ ላዩ ተልጦ ይወድቃል። የእርሻ መኪና ጉድጓዷን ሁሉ በስቱኮ ማሳመር አያስፈልግም፤ ስቱኮው በመጀመሪያው ኮረኮንች ይሰነጠቃል። ብረትና አሉሚኒየም በቡሎን የሚገናኙበት ላይ ቀጭን ላስቲክ ወይም ግራሶ ጣልቃ አስገቡ፤ አለዚያ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይበላል።

የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች

በመጀመሪያው ቀን አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ሜዳ ላይ። ስትመለሱ አራቱንም የጎማ ማዕከል በእጅ ዳስሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ካቃጠለ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች አጥብቁ። አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሲላመድ የፍሬን መርገጫው ዝቅ ስለሚል እንደገና አስተካክሉ። 500 ሲሞላ የሞተር ዘይቱን ቀይሩ፣ ከፈሰሰው ውስጥ የብረት ብናኝ እንዳለ በነጭ ጨርቅ አጥልሉና እዩ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ አምስት ኩንታል ጫኑባትና ቅርብ ወዳለው ገበያ ውሰዷት፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ።