ማንን ነው የምንሞግተው? ክርስቲያኖች ስለ «ቤዛነት» ያላቸው የተለያየ አመለካከት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያፈርኩበት አንድ ምሽት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ዶርም ውስጥ ከአንድ ኦርቶዶክስና ከአንድ ፕሮቴስታንት ጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ወሬያችን ወደ ሃይማኖት አመራ። እኔም «እናንተ አምላክ በሰዎች ተቆጥቶ ቁጣውን በገዛ ልጁ ላይ አወረደ ትላላችሁ፤ ይህ እንዴት ፍትሕ ይሆናል?» ብዬ ጀመርኩ። መልስ የሚያጡ መስሎኝ ነበር። ኦርቶዶክሱ ጓደኛዬ ረጋ ብሎ «እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። ማንን ነው የምትሞግተው?» አለኝ። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ «እኔ ወደዚያ የሚቀርብ ነገር እላለሁ፤ ግን አንተ ባልከው መንገድ አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እርስ በርስ መከራከር ያዙ። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ዲፓርትመንታችን ውስጥ ድሮዊንጉን ሳያነብ «ዲዛይኑ ተሳስቷል» የሚል ተማሪ ይሳቅበታል። እኔ ግን በዲን ጉዳይ ያንኑ አደረግኩ። አላህ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘናል። አንድ ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ መሞገት ደግሞ ከፍትሕ አይቆጠርም። ስለዚህ ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የሚስማሙበት ነጥብ

በዋና ዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ኢየሱስ ለሰዎች መዳን ተሰቅሎ ሞቷል የሚለው የጋራ እምነት ነው። በማርቆስ ወንጌል 10፥45 ራሱን ለብዙዎች «ቤዛ» ሊሰጥ እንደመጣ ይነገራል። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የጸናው የእምነት መግለጫም ስለ ሰዎች መሰቀሉን ይናገራል። ይሁን እንጂ ሞቱ እንዴት እንደሚያድን መግለጫው አይዘረዝርም። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አመለካከቶቹን ለመያዝ የረዳኝ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ሞቱ የሚፈታው ችግር የት ነው ያለው? ሰይጣንና ሞት ጋ? አምላክ ጋ? ወይስ የሰው ልብ ውስጥ?

1ኛ. ችግሩ ሰይጣንና ሞት ናቸው የሚሉ

የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ጸሐፊዎች በብዛት የተናገሩት በዚህ መንገድ ነው። የሰው ልጅ የሰይጣን ምርኮኛ ሆኗል፤ ክርስቶስ ደግሞ ምርኮኛውን ነፃ አወጣ ይላሉ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኦሪጀን ቤዛው ለሰይጣን እንደተከፈለ አድርጎ ጽፏል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኒሳው ጎርጎርዮስ የዓሣ መንጠቆ ምሳሌ አመጣ፦ ሰይጣን የሰውነቱን ሥጋ እንደ ምግብ ሲውጥ ውስጡ በተሰወረው አምላክነት ተያዘ አለ። በዚያው ዘመን የነበረው የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አልተቀበለም። ሌባው ለሰረቀው ዋጋ እንዴት ይከፈለዋል? ብሎ ተቃወመ፤ ለአብ ተከፈለ ማለትንም ጠየቀ። እንግዲህ እኛ የምናነሳውን ጥያቄ ከ1600 ዓመት በፊት የራሳቸው ሊቅ አንስቶታል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የአትናቴዎስ ትምህርት ነው። እርሱ ዘንድ ዋናው ችግር የሰው ልጅ ወደ ሞትና ጥፋት መውረዱ ነው፤ ሕይወት የሆነው ቃል ሥጋ ለብሶ ሞትን ከውስጡ አሸነፈው ይላል። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ የሚያደሉት ወደዚህ ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኦሌን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሰፊው በተነበበ መጽሐፉ የጥንቱ አመለካከት ይህ የድል አመለካከት ነው ብሎ ተከራክሯል።

በአገራችን ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ የባርነት ደብዳቤ እንደፈረሙ፣ አንዱ በዮርዳኖስ ሌላው በሲኦል እንደተቀመጠ፣ ክርስቶስም ሲጠመቅና ወደ ሲኦል ሲወርድ እንደደመሰሰው ይተረካል። ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል ማለትም ከ5500 ዘመን በኋላ ሊያድነው ቃል እንደተገባለትም ይነገራል። «ካሳ» የሚለው ቃልም ስብከታቸው ውስጥ ይደጋገማል። ድኅነቱ ለአማኙ የሚደርሰው ደግሞ በጥምቀት፣ በቁርባንና በሥራ መሆኑን ያስተምራሉ። ጓደኛዬ «ማንን ነው የምትሞግተው?» ያለኝ ከዚህ ተነስቶ ነው።

2ኛ. የአምላክ ክብር ተነክቷል የሚሉ

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም «አምላክ ለምን ሰው ሆነ» በሚለው በ1098 እ.ኤ.አ. በጨረሰው መጽሐፉ ለሰይጣን ዕዳ መክፈል የሚባለውን ተወው። ሰይጣን ምንም መብት የለውም አለ። ኃጢአት ለአምላክ የሚገባውን ክብር መንፈግ ነው፤ ስለዚህ ወይ ካሳ ወይ ቅጣት ያስፈልጋል። ካሳውን መክፈል ያለበት ሰው ነው፤ መክፈል የሚችለው ግን አምላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሆነ ያስፈልጋል የሚል ነው ክርክሩ። አንሴልም በሚኖርበት የጌታና የሎሌ ሥርዓት የጌታን ክብር የነካ ሰው እንደ ጌታው ማዕረግ ይክስ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንሴልም ዘንድ ካሳው ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ራሱ ቅጣት አይደለም።

3ኛ. ቅጣቱን በእኛ ቦታ ተቀበለ የሚሉ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ ሰዎች፣ በተለይም ሕግ የተማረው ጆን ካልቪን፣ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ቋንቋ አመጡት። ኃጢአተኛው ቅጣት ይገባዋል፤ ክርስቶስ በእርሱ ቦታ ቆሞ ቅጣቱን ተቀበለ፤ አማኙም ጻድቅ ተባለ። ዛሬ ካምፓስ ውስጥ ከፕሮቴስታንት ጓደኞቻችን በብዛት የምንሰማው ይህንን ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53ን ይጠቅሳሉ። «አባት ልጁን በግድ ቀጣ» ስንላቸው የሚመልሱት ልጁ በፈቃዱ ራሱን ሰጠ፣ አብና ወልድም በፈቃድ አንድ ናቸው ብለው ነው። ጓደኛዬ «አንተ ባልከው መንገድ አይደለም» ያለኝ ለዚህ ነው። መልሱን ባንቀበለውም መልስ እንዳላቸው ማወቅ አለብን።

እነርሱም ውስጥ ክርክሩ አልቆመም። ፋውስቶ ሶዚኒ ይቅርታና ሙሉ ክፍያ አብረው አይሄዱም ብሎ ጻፈ፤ ዕዳው ከተከፈለ ምኑ ይቅር ተባለ? ሆላንዳዊው የሕግ ሰው ሁጎ ግሮቲየስ በ1617 ሲመልስለት፣ አምላክ እዚህ ላይ እንደ አስተዳዳሪ እንጂ እንደ አበዳሪ አይደለም፤ ሞቱ የሕግን ክብር ለማስጠበቅ ነው አለ። በ1618 እና 1619 ደግሞ በዶርት ከተማ የተሰበሰቡት ካልቪናውያን የሞቱ ፍሬ የሚደርሰው ለተመረጡት ብቻ ነው ሲሉ፣ የአርሚኒየስ ተከታዮች ለሁሉም ነው የሞተው ብለው ተለዩ።

4ኛ. የሚለወጠው የሰው ልብ ነው የሚሉ

ፈረንሳዊው ፒተር አቤላርድ (1079–1142) የሞቱን ፍቅር የሚያይ ሰው ልቡ ይነካል፣ ወደ አምላክም ይመለሳል የሚለውን አጉልቶ ጻፈ። በኋላ ዘመን ለዘብተኛ የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ይህን ወደውታል። ሌሎቹ ግን ይህ ብቻውን ከሆነ ሞቱ ምሳሌ እንጂ መዳኛ አይሆንም ብለው ይተቹታል።

እኛስ ምን እንላለን?

ቁርኣን ዒሳ (ዐ.ሰ) እንዳልተሰቀሉ ይናገራል (አን-ኒሳእ 157)። ይህ መሠረታዊ ልዩነታችን ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። የዛሬው ጥያቄ ይቅርታ የሌላ ሰው ሞት ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው።

ቁርኣን ውስጥ አደም (ዐ.ሰ) ሲሳሳቱ ከጌታቸው ቃላትን ተቀበሉ፤ ተመለሱ፤ አላህም ተውበታቸውን ተቀበለ (አል-በቀራህ 37)። ታሪኩ እዚያው ተፈታ፤ ወደ ልጆቻቸው የሚተላለፍ ዕዳ አልቀረም። ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደግሞ ሱረቱል አንዓም 164 ላይ ተነግሯል። በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉ ሁሉ ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ሱረቱ-ዝ-ዙመር 53 ይጣራል።

እዚህ ላይ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ተገቢ ጥያቄ ይጠይቁናል፦ «ታዲያ አላህ ዝም ብሎ ከተወው ፍትሑ የት ሄደ?» ብዙዎቻችን ይህን ስንጠየቅ እንደነጋገራለን። መልሱ ግን መድረሳ ውስጥ የቀራነው ነው። ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ-ስ-ሷሊሒን» ውስጥ የተውባን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ይላሉ። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ አራተኛ ይጨምራሉ፦ ሐቁን መመለስ ወይም ባለቤቱን ይቅር ማስባል። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ ምሕረቱ ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም። የተበደለው ሰው ሐቅ ግን አይዘነጋም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰላትና ከጾም ጋር መጥቶ ሰዎችን ስለበደለ መልካም ሥራው ሁሉ ለተበዳዮቹ የሚከፋፈልበትን ሰው «ከሳሪ» ብለውታል። እኛ ዘንድ ምሕረትም ፍትሕም የሚቆሙት እንዲህ ነው።

ይህ ደግሞ ለክርክር ብቻ የምንይዘው አይደለም። «ቤዛ አያስፈልገንም» የምንል ሰዎች የጓደኛችንን ብር ተበድረን ሳንመልስ፣ ፈተና ላይ ኮርጀን፣ ሰው አምተን የምንተኛ ከሆነ አቂዳችንን በአፋችን ብቻ ይዘናል ማለት ነው። በእኛ ቦታ የሚከፍል እንደሌለ ካመንን ዛሬውኑ ሒሳባችንን ልናስተካክል ይገባል።

ሦስት አደቦች

1. ከመመለስህ በፊት ጠይቅ። «አንተ ይህን እንዴት ትረዳዋለህ?» በለው። ኦርቶዶክሱን በካልቪን ቃል አትሞግተው።

2. የእርሱን ሐሳብ እርሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» በሚልበት መልኩ መድገም ካልቻልክ ለመተቸት ገና ነህ።

3. በመካከላቸው ልዩነት መኖሩን መሳለቂያ አታድርገው። እኛም ውስጥ ዑለማዎች በብዙ ጉዳይ ይለያያሉ። አላህ የመጽሐፉን ሰዎች በመልካሙ መንገድ እንጂ እንዳንከራከራቸው አዞናል (አል-ዐንከቡት 46)።

እኔም በማግስቱ ኦርቶዶክሱን ጓደኛዬን «ትናንት ያላልከውን ብለሃል አልኩህ፤ አፉ በለኝ» አልኩት። ሳቀና «ይሄኛው ተውባ ነው ማለት ነው?» አለኝ። «አራተኛው መስፈርት ነው» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን አስረዳሁት። ያን ያህል ጆሮ ሰጥቶ ሰምቶኝ አያውቅም።

ለሐለቃ መወያያ

ሀ. አንሴልም «ካሳ» ሲል እና ካልቪን «ቅጣት» ሲል ልዩነቱ ምንድን ነው?

ለ. «አላህ ያለ ክፍያ ከማረ ፍትሑ የት አለ?» ለሚል ጓደኛ በራሳችሁ ቃል ምን ትመልሳላችሁ?

ሐ. እያንዳንዳችን ያልመለስነው የሰው ሐቅ አለ? መቼ እንመልሰዋለን?

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ የምንከተለውም ያድርገን። በንግግራችን ፍትሐዊ፣ በተውባችን እውነተኛ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።