ከቃሊቲ የተነሳ መንገደኛ ሶላቱን ማሳጠር የሚጀምረው የት ነው?



ክረምት ሲቃረብ ከመካከላችን ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ እህቶችና ወንድሞች አሉ። በተለይ የጤና ተማሪዎች። በ2007 ዓ.ም. ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ባስጨነቀ ጊዜ ከ180 በላይ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ፈቃደኛ ሆነው በአፍሪካ ኅብረት ስር ዘምተው ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ላይቤሪያ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ለሁለት ወር ወደዚያው አቅጣጫ ሄጄ ነበር። የሄድኩበትን ሥራ በደንብ አጥንቼ ነበር፤ የመንገደኛን ሶላት ግን አላጠናሁም። ይህን ትምህርት የማዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ቦሌ ደርሼ ቢጫ ካርዴን ቃሊቲ ቤት ረስቼ መምጣቴን አወቅኩ። ወንድሜ ይዞልኝ እስኪደርስ በረራው አመለጠኝ፤ ሌሊት የሚነሳ ሌላ አገኘሁ። በድንጋጤና በድካም መግሪብና ኢሻን እዚያው ቦሌ አንድ ላይ ሰገድኩ፤ ኢሻንም ሁለት ረከዓ አደረግኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሳን። ሱብሂን «አውሮፕላን ላይ አይሰገድም፣ ስወርድ እሰግዳለሁ» ብዬ ተውኩት። ስንወርድ ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች። ከደረስኩ በኋላ ደግሞ መንገደኛ ነኝ ብዬ ብቻዬን የሰገድኳቸውን ዙህር፣ ዐስርና ኢሻ ለሁለት ወር አሳጠርኩ። ስመለስ ኡስታዛችንን ጠየቅኩ። ሦስቱም ስህተት ነበሩ።

መጀመሪያ የቦሌው። አነስ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መካ ሲጓዙ ዙህርን መዲና ውስጥ አራት፣ ዐስርን ዙል ሑለይፋ ላይ ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ዙል ሑለይፋ ከመዲና 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ስለዚህ ጉዟቸው ረጅም ቢሆንም ከተማቸውን ሳይለቁ አላሳጠሩም፤ ከለቀቁ በኋላ ግን ሩቅ እስኪደርሱ አልጠበቁም። አብዛኞቹ ዑለማዎች መለኪያው የሚኖሩበትን ከተማ ቤቶች ማለፍ ነው ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ቃሊቲና ቦሌ አንድ ከተማ ናቸው፤ በመካከላቸው ቤት የሚቋረጥበት ቦታ የለም። ሻንጣ ማስረከብና ፓስፖርት ማስመታት ከከተማ መውጣት አይደለም። ስለዚህ የቃሊቲ ልጅ ቦሌ ላይ ሙሉ ይሰግዳል፤ ከጅማ ወይም ከደሴ መጥቶ ለአንድ ሌሊት ያረፈ ጓደኛው ግን እዚያው አጠገቡ ሆኖ ማሳጠር ይችላል።

ከቃሊቲ መናኸሪያ በአውቶቡስ ወደ ሞያሌና ኬንያ የሚሄድም አለ። እሱም መናኸሪያው ውስጥ አያሳጥርም። አቃቂን አልፎ በገላን በኩል ሲወጣ ቤቱ ሳይቋረጥ እስከተያያዘ ድረስ እንደ አንድ ከተማ ነው ያሉ ዑለማዎች አሉ፤ ስለዚህ መስኩ እስኪታየው ቢጠብቅ ለልቡ ያርፍለታል። (የጅቡቲ መስመር ሾፌሮቻችን ይህን ሁሉ ከእኛ ከተማሪዎቹ በተሻለ ያውቁታል። እኔም ጎረቤቴ ያለውን ሾፌር ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ!)

ሁለተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሱብሂው ነው። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከኢሻ ጋር መሰብሰብ ለመንገደኛ በሻፊዒይ መዝሀብ ይቻላል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ ውጭ መሰብሰብ የለም። ሱብሂ ግን በማንም ዘንድ ከምንም ጋር አይሰበሰብም። ከመውረድህ በፊት ፀሐይ የምትወጣ ከሆነ አየር ላይ መስገድ ግዴታ ነው። ከተቻለ በአስተናጋጆች ፈቃድ ከኋላ በኩል ቆሞ፣ ወደ ቂብላ ዞሮ፤ ካልተቻለ በሚችለው ሁኔታ። እንዲህ የሰገደ ሰው ከወረደ በኋላ ይድገመው የሚሉ አሉ፤ ወቅቱን ዝም ብሎ ያሳልፈው የሚል ግን የለም። ለውዱእም ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር።

ወቅቱን የምናውቀው አውሮፕላኑ ካለበት ሰማይ እንጂ ከመሬቱ ሰዓት አይደለም። ወደ ምዕራብ ስንበር ሌሊቱና ጎህ ይረዝማሉ፤ ወደ ምሥራቅ ስንመለስ ያጥራሉ። በኋላ ሳሰላው ያን ቀን የሱብሂ ወቅት ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቷል። እኔ በመስኮት ጎሁን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ቂብላም ይለወጣል፤ ቃሊቲ ላይ ወደ ሰሜን የምንዞር ሰዎች ላይቤሪያ ስንደርስ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብለን ነው የምንሰግደው።

ሦስተኛው የቆይታው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው እንደደረሰ መንገደኛነቱ ያበቃል፤ በሐነፊይ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሁለት ወር በሁለቱም ያልፋል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አዘርባጃን ውስጥ በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው ለስድስት ወር ማሳጠራቸው ተዘግቧል፤ እሳቸው ግን መቼ እንደሚወጡ አያውቁም ነበር። ድንበር ላይ ቪዛ «ነገ፣ ነገ» እየተባለ የሚጠብቅ በጎ ፈቃደኛ እሳቸውን ይመስላል። የመመለሻ ትኬቱን በኪሱ የያዘ ግን አይመስልም። ኢብኑ ተይሚያ ቀን ሳይቆርጡ ነገሩን ለልማድ የተዉበት አስተያየት እንዳለም ኡስታዛችን አልደበቁኝም።

እዚህ ላይ ቀስርና ጀምዕን አንቀላቅል። ማሳጠር የመንገደኛ ብቻ ነው። መሰብሰብ ግን ለችግርም እንደሚሆን ያስተማሩ ዑለማዎች አሉ፤ ማስረጃቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ውስጥ ያለ ስጋትና ያለ ዝናብ መሰብሰባቸውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። በኢቦላ መከላከያ ልብስ ውስጥ በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት መቆየት እንኳ ከባድ ነው፤ በመሃል አውልቆ ውዱእ ማድረግም አደጋ አለው። እንዲህ ያለ ተረኛ ነዋሪ ሆኖ ሳለ ዙህርና ዐስርን ሙሉ በሙሉ፣ አራት አራት ረከዓ አድርጎ ሊሰበስብ ይችላል።

የእኔን በተመለከተ፣ ያለፈኝን ሱብሂና የቦሌውን ኢሻ ወዲያው አወጣሁ። ያሳጠርኳቸውን ሶላቶች ኡስታዛችን ባላውቅም ብደግማቸው ጥንቃቄው ይሻላል አሉኝ። መስጊድ ከኢማም ጋር የሰገድኳቸው ሙሉ ስለነበሩ አልቆጠርኳቸውም። የቀሩትን ደብተር ላይ ጽፌ በየቀኑ ከኢሻ በኋላ ሦስት ሦስት እያወጣሁ ነው፤ ዛሬ 41 ቀርተውኛል።

ወላሁ አዕለም።