አራቱ ክፍላተ ዘመንና የጢስ ዓባይ መንገድ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በመፀው፥ በበጋ፥ በጸደይና በክረምት ከፍላ፥ ለእያንዳንዱ ክፍለ ዘመን የሚስማማውን መዝሙርና ምንባብ ሠርታ ታስተምረናለች። ብዙዎቻችን ግን ይህን ሥርዓት በቅኔ ማሕሌት ብቻ የምናውቀው ሆነን፥ ከደጅ ስንወጣ የምናየው ተራራና ወንዝ ያንኑ ትምህርት እንደሚናገር አናስተውልም። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ደጋ ተነሥተን፥ በደራ አገር አልፈን፥ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወስደውን መንገድ በየወቅቱ ልንመለከት ወደድን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ አነጋገር ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ወደ ፏፏቴው ወርደው የቀጠነውን ውኃ የሚያዩ ሰዎች «ጢስ ዓባይ ደርቋል፤ የድሮው ቀርቷል» እያሉ ይመለሳሉ። እንዲሁም በጸሎቱ እንባ የነጠፈበት፥ ቅዳሴው እንደ ቀድሞው ልቡን የማይነካው ክርስቲያን «እግዚአብሔር ትቶኛል» ብሎ ከደጀ ሰላም ሲርቅ እናያለን። የሁለቱ ስሕተት አንድ ነው፤ በአንድ ወቅት ያዩትን የዓመቱ ሁሉ አድርገው ፈርደዋልና።

አስቀድሞ የውኃውን መንገድ እንወቅ። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የጉና ተራራ ጉማራንና ርብን ያፈልቃል፤ ሁለቱም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ዓባይም ከጣና በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ይወረወራል። እንግዲህ በጉና ራስ ላይ የወረደው ዝናብ ጢስ ዓባይ የሚደርሰው በሐይቁ ውስጥ አልፎ ነው ማለት ነው።

ክረምት በሰኔ 26 ቀን ይገባል። ያን ጊዜ የደጋው መንገድ ድጥ ይሆናል፤ ጉማራ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል። በነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፥ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹና ሙልሙል ሲቀበሉ፥ ጭጋጉ ገና ከተራራው አልተነሣም። ከፏፏቴው የሚወጣው ጉም ከሩቅ እንደ ጢስ ይታያል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ድምፁ ግን የደስታ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ዳዊት በ41ኛው መዝሙሩ የፏፏቴን ድምፅ ያነሣው ከእግዚአብሔር ቤት ርቆ በሚያዝንበት ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ወቅት ለካህናት አንድ ማሳሰቢያ አለን። በጉማራ ሸለቆ ወዳለው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድውያን በእምነት ይሄዳሉ። በክረምት ግን «ጠበል ልንጠመቅ ስንሄድ ምን ያገኘናል» ብሎ ከሞላ ወንዝ ውስጥ መግባት እምነት አይባልም። ጌታችን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ዲያብሎስ በጠየቀው ጊዜ እንቢ ማለቱን እያስታወሱ፥ ወንዙ እስኪጎድል እንዲቆዩ ምእመናንን መምከር ይገባል።

መስከረም አልፎ መፀው ሲገባ የሚታየው ነገር እጅግ ያስደንቃል። ዝናቡ ቆሟል፤ በዝናብ የገነፈለው ጉማራም ወዲያው ጎድሏል። ጢስ ዓባይ ግን ገና ሙሉ ነው፤ ሐይቁ በክረምት የተቀበለውን ይዞ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሰጣልና። ከሰማው ስብከት ማግሥት ጮኾ በሳምንቱ የሚረሳ ጉማራን ይመስላል፤ እመቤታችን ግን የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። ወቅቱም ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከሕፃኑ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን በማሕሌት የምናስብበት። በፊታችን የሚወርደው ውኃ ወደዚያችው ወደ ግብፅ የሚሄድ መሆኑን ያሰበ ሰው፥ ገደሉ አጠገብ ቆሞ ማሕሌተ ጽጌን ቢያደርስ ቦታ አልሳተም።

ለመንገደኛም ከዚህ የሚሻል ጊዜ የለም። ጭቃው ደርቋል፥ አደይ አበባው ፈክቷል። ከፏፏቴው በታች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የታነጸው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። በዚያ ንጉሥ ዘመን ስለ ሃይማኖት የፈሰሰውን ደም አንረሳም፤ ድልድዩ ግን እስከ ዛሬ የተዋሕዶ ልጆችን ወደ በዓላቸው ያሻግራል።

በጋ ሲሆን ውኃው ይቀጥናል፤ በክረምት የተሸፈነው ጥቁር ዐለት ይገለጣል። ለዚህ ምክንያቱ ፀሐይ ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፥ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ስለ ጀመሩ፥ ከገደሉ ይወርድ ከነበረው ውኃ ብዙው በቦይ ወደ መኪናዎቹ ተመለሰ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስም ከሐይቁ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል። የፏፏቴው ውበት በመቀነሱ እኛም እናዝናለን፤ ነገር ግን ከዓይናችን የተሰወረው ውኃ ጠፋ አይባልም፤ መብራት ሆኖ ወደ ከተማ ገብቷል። የወንዛዬም ፍል ውኃ በዚሁ በጋ እንደ ክረምቱ ሁሉ ትኩስ ሆኖ ይፈልቃል፤ ከምድር ጥልቅ የሚመጣ ነውና የላዩ ድርቅ አይደርስበትም። እንባው የነጠፈበት ወንድማችን ይህን ያስብ፤ ጾሙንም አያቋርጥ።

የሚከብደው ግን ጸደይ ነው። ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ ደመና ይታያል፥ ገበሬው ሞፈሩን ያነሣል፤ በሰኔም ዝናቡ በጉና ላይ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ መንገደኛ ልብሱ በዝናብ ርሶ ሳለ፥ ፏፏቴውን በበጋ እንደ ነበረው ቀጥኖ ያገኘዋል። ዝናብ እየዘነበ ውኃው ለምን አልጨመረም ቢል፥ የአገሩ ሰው ጣና ገና አልሞላም ብሎ ይመልስለታል።