ማሲንቆና የአዝማሪ ቤት

ስለ ባህል ሙዚቃ መሣሪያዎች ስናስተምር ብዙዎቻችን ስማቸውን ከመቁጠር አናልፍም። ዛሬ የማሲንቆን አሠራርና የሚደመጥበትን ቤት እንይ።

የማሲንቆ ሳጥን አራት ማዕዘን እንጨት ሆኖ በቆዳ ይለበጣል። ክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ደጋኑም እንደዚሁ። ተጫዋቹ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ ከጎን ነካ እያደረገ ድምፁን በጆሮው ይለካል። ታዲያ በዚህች አንድ ክር ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺሆዬውም ይወጣል! ክራርና ዋሽንት ሲጨመሩ፣ ከበሮም ምቱን ሲይዝ ባንድ ሆነ ማለት ነው። (በአውስትራሊያ የገጠር ዘፈን የሚጫወቱ ባንዶች የጠርሙስ ቆርኪ የተመታበትን ዱላ መሬት እየመቱ ምት ይጠብቃሉ። ይህን በክፍል ውስጥ መሥራት አያቅትም።)

ዋናው ነገር ግን «ተቀበል!» ነው። አድማጩ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው እዚያው በዜማ ይመልሰዋል። እኛ ሰሙን ሰምተን ወርቁን ስንፈልግ እሱ ወደ ሌላው እንግዳ አልፏል። ለዚህ ጠባብ ቤት ያስፈልጋል። ከፍ ያለ መድረክ ላይ፣ መብራት ዓይኑ ላይ ተተክሎ፣ ማን ግጥም ይሰጠዋል?

ከመስቀል ፍላወር ብዙም በማይርቀው ካዛንቺስ ከነበሩት የአዝማሪ ቤቶች አንዱ ፈንዲቃ ነው። እስክስታ ተጫዋቹ መላኩ በላይ እዚያው በጉርሻ ሲጨፍር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮከለር የተባለውን ባንድ አቋቁሞም ማሲንቆውን ይዞ በውጭ አገር መድረኮች ዞረ። በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቤቱ ወጣ። ባንድ ሌላም ቦታ ሄዶ ይጫወታል፤ ግጥም ይሰጡ የነበሩት የሠፈሩ ሰዎች ግን በየአቅጣጫው ተበትነዋል።