ቤተሰብን በመስከረም ስለ መቀበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው በየዓመቱ ስለምንሠራውና በየዓመቱም ቆም ብለን ስለማናስብበት አንድ ሥራ ነው። ይኸውም በአዲሱ ዓመት የሕፃናት ክፍላችን ትምህርት ሲከፈት ልጆቹንና ልጆቹን ይዘው የሚመጡትን ቤተሰቦች እንዴት እንቀበላቸዋለን የሚለው ነው።

ብዙዎቻችን ይህ ነገር ያለቀለት ይመስለናል። አዳራሹ ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በካርቶን ላይ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ መዘምራን ከበሮ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ዳሩ ግን የስም መዝገቡ ሌላ ነገር ይነግረናል። በሐምሌና በነሐሴ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግቢያችን በልጆች ይሞላል፤ መቀመጫ ጠፍቶ ወለል ላይ ምንጣፍ እናነጥፋለን። የመስከረሙ አቀባበል አልፎ፣ ደመራው ተለኩሶ፣ የጽጌ እሑዶች ሲገቡ ግን ወንበሩ ይተርፈናል። ምክንያቱን ስንጠያየቅ «የቤት ሥራ በዛባቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ትምህርት ገቡ፤ ወላጆችም ግድ የላቸውም» እንባባላለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛውን ግን እኛ ራሳችን ካደረግነው አንድ ነገር ተነሥተን እንመርምረው።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም፣ በምዝገባ ቀን፣ አንዲት አያት ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ልጆቹ ለእኛ አዲስ አልነበሩም፤ ክረምቱን አብረውን የከረሙ ናቸው። ታላቂቱ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በቃሏ አሳምራ ትል ነበር። እኛ ግን ቅጹን አውጥተን «የወላጅ ፊርማ» ከሚለው መሥመር ላይ ቆምን።

«እማማ፣ እናታቸው መጥተው መፈረም አለባቸው» አልናቸው።

«እናታቸው ዐረብ አገር ናት ልጆቼ።»

«አባታቸውስ?»

ዝም አሉ። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል፤ ፀሐዩም በርትቷል። «እንግዲያው በሌላ ጊዜ ይምጡና እናያለን» ብለን ቀጣዩን ጠራን። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም።

የልጆቹ መቅረት ትዝ ያለን ኅዳር ላይ ነው፤ እርሱም ታላቂቱን ለመዝሙር ፈልገናት እንጂ ለራሷ ብለን አልነበረም። ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። አልወቀሱንም። «ለምን ቀሩብን?» ብንላቸው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል እኮ፤ እናያለን ስላላችሁኝ አይታችሁ ትጠሩኛላችሁ ብዬ ነው የተቀመጥሁት» አሉን። ለካስ እኛ እርሳቸው ይመጣሉ ብለን፣ እርሳቸውም እኛ እንጠራቸዋለን ብለው፣ ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ በመካከል ቀርተዋል።

ከዚያ ቤት ወጥተን ስንመለስ በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ያለው ታሪክ በመካከላችን ተነሣ። ሰዎች ሕፃናትን እንዲዳስስላቸው ወደ ጌታችን ሲያመጡ የገሠጿቸው እነማን ነበሩ? ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ሩቅ ያሉ ጠላቶች ሳይሆኑ ለጌታ ቅርብ የሆኑት፣ ለእርሱ ሥራ የሚፋጠኑት፣ ምናልባትም ሰልፉ እንዳይበላሽ፣ መምህሩም እንዳይደክም ያሰቡት ናቸው። ጌታችን በዚህ ነገር እንደ ተቆጣ ወንጌላዊው ጽፎልናል። እኛም ጠረጴዛ ዘርግተን የተቀመጥነው ለሥራው ተቆርቋሪ ሆነን ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛው በልጆቹና በጌታ መካከል ቆመ። ደንብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ልጅን ያለ ኃላፊ ተቀብሎ ያለ ኃላፊ መስደድ አደጋ እንዳለው እናውቃለን። ሆኖም ቅጹን የጻፍነው እኛው ስንሆን፣ አባትና እናት በአንድ ቤት የሚኖሩበትን ቤተሰብ ብቻ አስበን ነው የጻፍነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በመጀመሪያው ምዕራፍ የደቀ መዝሙሩን እምነት ሲያነሣ ሁለት ሴቶችን በስም ይጠራል፤ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን። አያቲቱን አስቀድሞ ነው የጠራት። ጢሞቴዎስ በእኛ ጠረጴዛ ፊት ቢቀርብ ኖሮ ሎይድ መፈረም ትችል ነበርን?

ወደ ዋናው ትምህርታችን እንግባ። ስለ ልጅ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ቤተ መቅደስ አንድ ላይ የሚነግረን ክፍል በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መጨረሻ ይገኛል። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከእመቤታችንና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በዓሉ ሲፈጸም እነርሱ ሲመለሱ እርሱ በዚያ ቀረ። አብሯቸው ከሚጓዘው ሕዝብ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያም በዘመድና በሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ ፈልገው ባጡት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ከሦስት ቀን በኋላም በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው በመቅደስ አገኙት።

ይህን የምናነሣው እመቤታችንን ወይም አረጋዊውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማሰብ ከእኛ ይራቅ። እርሱ የቀረው በአባቱ ፈቃድ ነው። እኛ ግን ለራሳችን የምንማረው አለን። ብዙ ሰው በአንድ መንገድ አብሮ ሲሄድ ልጁ ከአንዱ ጋር ያለ መምሰሉ የማይቀር ነው። ወላጅ «ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እነርሱ ጸሎት ያስተምሩታል» ይላል። እኛ «ቤቱ ክርስቲያን ነው፤ ጸሎቱን እናቱ ታስለምደዋለች» እንላለን። የአንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ የብዙ ዓመት መንገድ እንዲህ እየተባለ ይኬዳል። ልጁም 18 ዓመት ሲሞላው አባታችን ሆይን ከእኛም ከቤቱም ሳይማር ቀርቶ ይገኛል። ይህ ደግሞ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ፤ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል አብረናቸው ከምንኖር ጓደኞቻችን መካከል እንዲህ ያሉትን እናውቃለን።

ሒሳቡንም እንይ። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። ልጁ ከእኛ ጋር የሚቆየው ሁለት ሰዓት ነው፤ የቀረው 166 ሰዓት የእኛ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሕጉን ለልጆች የማስተማር ነገር ሲታዘዝ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ይላል እንጂ መምህር ዘንድ ላኩ ብሎ አልተወም። እንግዲህ እኛ የቤተሰቡ ረዳቶች ነን እንጂ ምትክ አይደለንም። ይህን ካመንን በመስከረም የምንቀበለው ልጁን ብቻ ሊሆን አይችልም።

ከዚሁ ታሪክ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው፣ መምህራኑ የ12 ዓመት ልጅን ከመካከላቸው አስቀምጠው ጥያቄውን ሰምተዋል። እኛ ዘንድ ሕፃን ሲጠይቅ «ዝም በል፣ አትረብሽ» የምንልበት ቀን ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነው፤ ታሪኩ በመቅደስ አያልቅም። ጌታችን ከእነርሱ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዝላቸውም ነበር። ቤተ መቅደስ ልጁን ለራሱ አላስቀረም፤ ወደ ቤቱ ወረደ። ታዲያ ልጆቹ ከእኛ ዘንድ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ምን ይዘው ነው የሚወርዱት? መዝሙር አጥንተው ለበዓል እንዲያቀርቡልን ብቻ የምንፈልጋቸው ከሆነ ሥራችን ለራሳችን ሆኗል ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውን ለይቶ፣ ፊደለ ሐዋርያ ብሎ፣ ወደ መዝሙረ ዳዊት ይገባል። ዳዊት በደገመ ቀን በየቤቱ ድግስ ይደገስ ነበር፤ የኔታ ይጠራሉ፣ ጎረቤት ይጠራል፣ እናት ደስታዋን በእልልታ ትገልጣለች። ማንበብ የማትችለዋ እናት እንኳ ልጇ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ታውቅ ነበር፤ ዳዊት መድገም ምን ማለት እንደ ሆነ አገር ያውቀዋልና። (ኩርኩሙንና አለንጋውን ግን አንመኘውም።) ዛሬ ከወላጆቻችን አንዷን «ልጅሽ በሰንበት ትምህርት ቤት ምን ላይ ደርሷል?» ብትሏት ምን ትመልሳለች? የሚታወቅ ደረጃ አላሳየናትም፤ የደስታውም ቀን ተካፋይ አላደረግናትም።

ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጥቂት ነገር ለወጥን። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ገንዘብም አላስወጣንም። በቅጹ ላይ «ወላጅ» የሚለው «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ተባለ። ከሥሩም የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ስም የሚጻፍበት መሥመር ጨመርን። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ቃል የገባላቸው ሰው አለና፣ ያን ሰው እስከ ዛሬ ሳንጠይቀው መኖራችን ይገርማል። አንዳንዶቹ ሲጠሩ ደነገጡ፤ የክርስትና ልጃቸውን መልክ የረሱም ነበሩ። ግን መጡ። መፈረም ለማይችሉ የቀለም ማኅተም አስቀመጥን። የአባት ሥራ የሚለውን ጥያቄ ሰረዝነው፤ ለምን እንደ ተጻፈ ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም።

ከሁሉ የሠራልን ግን አግዳሚ ወንበሩ ነው። ልጁን አድርሶ ደጅ የሚቆም፣ ከዛፍ ሥር ነጠላውን ተከናንቦ የሚጠብቅ ብዙ ወላጅ ነበረን። ረጅሙን አግዳሚ ወንበር አዳራሽ ውስጥ በስተኋላ አስገብተን «ይግቡ፣ ከልጅዎ ጋር ይማሩ» አልን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰው ተቀመጠበት። በኋላ ሌላ አግዳሚ መጨመር ግድ ሆነ።

ልጆቹም ለቤት የሚወስዱት ነገር እንዲኖራቸው አሰብን። በእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት የሚሰጡትን ልማድ ይዘን፣ የጥሪውን ወረቀት ወንዶቹም ሴቶቹም ራሳቸው እንዲሥሉት አደረግን፤ የታተመውን ደብዳቤ የማያነብ ቤት የልጁን ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ከትምህርቱም የመጀመሪያው የዘመኑን ወንጌላዊ ማግኘት ሆነ። አባቶች በመስከረም 1 ቀን በዐውደ ምሕረት የሚያውጁትን ልጁ ቤቱ ሄዶ በእርሳስ ያሰላዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ የፍዳውን 5500 ዘመን መደመር፣ ለ4 ማካፈል፣ ቀሪውን ማየት ነው። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2018ን ብንወስድ 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ ነው። ይህ ለሕፃናት ይከብዳል ያሉ ነበሩ። አልከበደም፤ እንዲያውም አባቶች በልጆቻቸው ተሸንፈው ወደ እኛ ለመጠየቅ መጡ።

ስለ ራሳችን ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። የሕፃናት ክፍል መምህራን አብዛኞቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በመስከረም ፈገግ ብለን ልጁን እንቀበላለን፤ ጥሪ ሲደርሰን ሻንጣችንን ይዘን ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ እንሄዳለን። ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ በቦታችን ሌላ ሰው ያገኛል፤ በጥር ደግሞ ሌላ። የልጁን መቅረት ከመውቀሳችን በፊት አስቀድመን የቀረነው እኛ መሆናችንን ማመን ይገባናል። አሁን የምናደርገው በእያንዳንዱ ክፍል ከተማውን የማይለቅ አንድ ሰው አብሮ እንዲቀበል ነው፤ ይህም ባለ ሱቅ፣ ነርስ ወይም የቤት እመቤት ሊሆን ይችላል። ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚውጣጣ ስለሆነ ጉዳዩን በዚያ አቅርበን ከምእመናኑ ሰዎች ተሰጥተውናል። ሁሉም አልተሳካም። አንዱ ክፍል እስከ ዛሬ ቋሚ ሰው አላገኘም፤ ፈቃደኛ የሆነ ይምጣ።

የጽጌ እሑዶችም አሁን ሞልተዋል ብለን አንመካም። ማጠናከሪያ ትምህርቱ እንዳለ ነው። ነገር ግን ሁለት እሑድ የቀረ ልጅ ካለ በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የሚሄዱትም ለመዝሙር ሊፈልጉት ሳይሆን እንዴት ከረማችሁ ለማለት ነው።

እኒያ አያት ከልጆቹ ጋር ተመልሰዋል። በቅጹ ላይ በአሳዳጊ መሥመር አውራ ጣታቸው አለ። ከአግዳሚው ወንበር በስተበሩ ጫፍ ይቀመጣሉ፤ ቦታው የእርሳቸው ሆኗል። ባለፈው እሑድ ትምህርቱ ሲያልቅ አንዳችንን በነጠላችን ጫፍ ጎትተው «ልጄ፣ ያ የወንጌላዊው ሒሳብ ሦስት ሲተርፍ ማን ነበር ያላችሁት? ትንሿ ዮሐንስ ነው ብላ ድርቅ አለችብኝ» አሉን።