እንግሊዝኛ እንማር፦ ምኞትንና ጸጸትን በትክክል መናገር



አንዲት እህታችን እሑድ ከጸሎት በኋላ የገጠማትን አጫወተችን። እናቷ አገር ቤት ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምታ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ጠዋት ማዳሟ ፊቷን አይታ «ምን ሆነሽ?» ብትላት፣ «አይ ዎንት ጎ ማይ ካንትሪ» ብላ መለሰችላት። ማለት የፈለገችው «ምነው ዛሬ እናቴ አጠገብ በሆንኩ» ነበር። ማዳም የሰማችው ግን «ሥራዬን ትቼ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ» የሚለውን ነው። ወዲያው ስለ ውሉና ስለ ትኬቱ ገንዘብ ጭቅጭቅ ተነሳ። ስለ እናቷ ሕመም ግን ማንም ሳይጠይቃት ዋለ። በማግስቱ ጎረቤት ቤት የምትሠራ እህት ነገሩን አስረድታላት ነው ማዳሟ ስልክ ያስደወለቻት።

አያችሁ፣ ምኞትና ጥያቄ ሲቀላቀሉ እንዲህ ያለ ችግር ይመጣል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ምኞትና ጸጸት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገሩ ነው።

1. «ሆፕ» እና «ዊሽ» አንድ አይደሉም

«ሆፕ» ሊሆን ለሚችል ነገር ነው። «ዊሽ» ደግሞ አሁን ለሌለ ወይም ለማይሆን ነገር ነው። አረብኛ የለመዳችሁ በቀላሉ ትለዩታላችሁ። «ኢንሻላህ» የምትሉበት ቦታ «ሆፕ» ይገባል፤ ሊባኖሶች «ያ ሬት» የሚሉበት ቦታ ደግሞ «ዊሽ» ይገባል።

- «አይ ሆፕ ማይ ማዘር ጌትስ ዌል ሱን።» እናቴ ቶሎ እንደምትድን ተስፋ አደርጋለሁ።
- «አይ ዊሽ ማይ ማዘር ወር ሂር።» ምነው እናቴ እዚህ በሆነች።

«አይ ዊሽ ሺ ዊል ጌት ዌል» ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ለሰው መልካም ስንመኝ፣ ከሰውየው ቀጥሎ የነገሩን ስም ብቻ ካስከተልን «ዊሽ» ትክክል ነው፦ «አይ ዊሽ ዩ ጉድ ሄልዝ» (ጤና እመኝልሻለሁ)፣ «አይ ዊሽ ዩ ኤ ሃፒ ኒው ዪር» (መልካም አዲስ ዓመት)።

2. ዛሬ ስለሌለ ነገር ስንመኝ

እዚህ ላይ ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። ምኞቱ ስለ ዛሬ ሆኖ ሳለ ግሱ የኃላፊ ጊዜ መልክ ይይዛል። ግን እኛም በአማርኛ እንዲሁ ነው የምንናገረው። «ምነው ክንፍ በኖረኝ!» ስንል «ኖረ» ያለፈ ይመስላል፤ ክንፉን የምንፈልገው ግን አሁን ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው።

- «ኖው» የነበረው «ኒው» ይሆናል፦ «አይ ዊሽ አይ ኒው ኢንግሊሽ።» ምነው እንግሊዝኛ ባወቅሁ።
- «ሃቭ» የነበረው «ሃድ» ይሆናል፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኤ ደይ ኦፍ።» ምነው የዕረፍት ቀን በኖረኝ።
- «አም» እና «ኢዝ» የነበሩት «ወር» ይሆናሉ፦ «አይ ዊሽ አይ ወር ኣት ሆም።» ምነው ቤቴ በሆንኩ። በንግግር «ወዝ» የሚሉም አሉ።
- «ካን» የነበረው «ኩድ» ይሆናል፦ እህታችን ያን ዕለት ልትል የሚገባት «አይ ዊሽ አይ ኩድ ቢ ዊዝ ማይ ማዘር ቱደይ» ነበር። ይህን የሰማ ሰው ልቧ እንዳዘነ ይረዳል እንጂ ሥራ ለቀቀች አይልም።

3. ላለፈ ነገር ስንጸጸት

ጊዜው አልፎ ከሆነ ከ«ዊሽ» በኋላ «ሃድ» እና ሦስተኛው የግሱ መልክ ይመጣሉ። ለምሳሌ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ከሚሉት ሦስተኛው «ጎን» ነው።

- «አይ ዊሽ አይ ሃድ ፊኒሽድ ስኩል።» ምነው ትምህርቴን ጨርሼ በነበር።
- «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኖት ሳይንድ ዛት ፔፐር።» ምነው ያንን ወረቀት ባልፈረምኩ ኖሮ።

ልብ በሉ፦ «ሃድ» ብቻውን ከሆነ «ቢኖረኝ» ማለት ነው፤ ሌላ ግስ ከተከተለው ግን ስላለፈ ነገር መጸጸት ነው።

4. «ሹድ ሃቭ»፦ ማድረግ ነበረብኝ

የራሳችንን ጥፋት ስናምን የምንጠቀምበት ነው።

- «አይ ሹድ ሃቭ ተርንድ ኦፍ ዘ አይረን።» ካውያውን ማጥፋት ነበረብኝ።
- «አይ ሹድ ሃቭ ኬፕት ኤ ኮፒ ኦፍ ማይ ኮንትራክት።» የውሌን ኮፒ ማስቀረት ነበረብኝ።

ሰዎች ቶሎ ሲናገሩት «ሹዳቭ» የሚል ብቻ ይሰማል፤ እናንተ ግን «ሃቭ»ን አትርሱ። ለሌላ ሰው «ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሚ» ስንል ወቀሳ ነው። ለማዳም «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኖውን» (ቀድሜ ባውቅ ኖሮ) ማለት ይለዝባል።

ጥንቃቄ! «አይ ሹድ ሃቭ» ጥፋትን መቀበል ነው። ዕቃ ጠፋ ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ከድንጋጤ የተነሳ ይህን ወይም «አይ አም ሶሪ» ብቻ ማለት እንዳመናችሁ ሊቆጠር ይችላል። ካላደረጋችሁት በቀጥታ «አይ ዲድ ኖት ቴክ ኢት» (አልወሰድኩም) በሉ። ካልገባችሁም «አይ ኒድ ኤን ኢንተርፕሪተር» (አስተርጓሚ ያስፈልገኛል) በሉ፤ ያልገባችሁን ወረቀትም አትፈርሙ።

«አይ አም ሶሪ» ሌላም አገልግሎት አለው። ሰው ለሞተበት «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ሲባል እንደ እኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው። እዚያ ላይ ጥፋተኛ ማንም የለም።

5. «አይ ዊሽ ዩ ዉድ» ሲባል

ይህ አነጋገር ቅሬታ ያዘለ ነው። «አይ ዊሽ ዩ ዉድ ፔይ ሚ ኦን ታይም» ብትሏት ማዳም ልትቆጣ ትችላለች። «ኩድ ዩ ፕሊዝ ፔይ ሚ ቱደይ?» (እባክሽ ዛሬ ልትከፍይኝ ትችያለሽ?) የሚለው ትሕትናም አለው፣ ግልጽም ነው። ደመወዝ የሠራችሁበት ዋጋ ነውና እንደ ምኞት አትናገሩት፤ በግልጽ ጠይቁ።

መልመጃ

የሚከተሉትን በእንግሊዝኛ በሉ። መልሱን ሳታዩ ሞክሩ።

ሀ. ምነው ዛሬ ልጄን ማየት በቻልኩ።
ለ. ልጄ ፈተናውን እንደሚያልፍ ተስፋ አደርጋለሁ።
ሐ. ምነው ትናንት ደውዬላት በነበር።
መ. በሩን መቆለፍ ነበረብኝ።

መልስ፦
ሀ. «አይ ዊሽ አይ ኩድ ሲ ማይ ቻይልድ ቱደይ።»
ለ. «አይ ሆፕ ማይ ሰን ፓስስ ዘ ኤግዛም።»
ሐ. «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኮልድ ኸር የስተርደይ።»
መ. «አይ ሹድ ሃቭ ሎክድ ዘ ዶር።»

እህቶች ሆይ፣ ሁላችንም «ምነው» የምንልበት ነገር አለን። ባልመጣሁ ያለች፣ ያን ገንዘብ ለዚያ ሰው ባልላክሁ ያለች፣ ለአባቷ ቀብር ባለመድረሷ እስከ ዛሬ የሚቆጫት አለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናውቀው የጠፋው ልጅም በሩቅ አገር ተጸጽቷል። ነገር ግን እያለቀሰ እዚያው አልቀረም፤ ተነሥቶ ወደ አባቱ ሄደ። እኛም ከ«አይ ሹድ ሃቭ» ቀጥለን «ኔክስት ታይም አይ ዊል» ማለትን እንልመድ፦ «ኔክስት ታይም አይ ዊል ኪፕ ኤ ኮፒ» (በሚቀጥለው ኮፒ አስቀራለሁ)።

በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ምኞት፣ አንድ ጸጸትና አንድ «አይ ዊል» በእንግሊዝኛ ለራሳችሁ ተናገሩ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ብትሉትም እግዚአብሔር ይሰማል፤ አንደበታችሁም ይፈታል። በርቱ፣ ሰላም ሁኑ።